ሰም የገባበት ግራሶ

ስለ ሳይክል ግራሶ ከእኔ ጋር ክርክር ገጥሞ የረታኝ ሰው መቱ ውስጥ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራውስ ድሮ ቀረ። ያን ጊዜ ግን እንዲያ ነበርኩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የምውል፣ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላውቅ፣ አለቃ ሲቆጣ "እሺ" ብቻ የምል ሰው ነኝ። ነገሩ ሳይክል ሲሆን ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። የማላውቀው ሰው ካቴናው ሲጥ ሲጥ እያለ ሲያልፍ ካየሁ አስቆመውና "ወንድሜ፣ ይኼን ሰንሰለት የወጥ ዘይት ነው አይደል ያጠጣኸው?" እለዋለሁ። ባለቤቴ አብራኝ ካለች እንደማታውቀኝ ሁሉ አንገቷን ደፍታ ቀደም ቀደም ትላለች።

የእኛን አገር ዝናብ ያላየ ሰው ይህን ሁሉ ጭንቀት እብደት ሊለው ይችላል። ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምርና መቆም እንዳለበት ትዝ የሚለው ጥቅምት ላይ ነው። ቀዩ ጭቃ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ የጎማው እምብርት ውስጥ ሰርጎ እነዚያን ጥቃቅን የብረት ኳሶች እየፈጨ ይጨርሳቸዋል። የምግብ ዘይት አንድ ዝናብ አይችልም። ከጭነት መኪና የሚደፋው የተቃጠለ ዘይት ሦስት ቀን ያገለግላል፤ በአራተኛው ቀን የሚቀረው ሽታው ብቻ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ቢጫ ግራሶ ሲቀቡት ያምራል፣ ውኃ ሲነካው ግን እንደ ሳሙና አረፋ ነጥቶ ይወጣል። የወፍጮ ቤቱ ጥቁር ግራሶ ደግሞ መልቀቁንስ አይለቅም፤ ከመክበዱ የተነሣ ግን ጠዋት ጠዋት ጎማውን ለማዞር አጋዥ መጥራት ነው። አንድ ጊዜ ሁለቱን ባዋህዳቸው ይተራረማሉ ብዬ ቀላቀልኳቸው። አጥሚት ሆነው በሳምንቱ መሬት ላይ ተንጠባጥበው አለቁ። ሦስት ቀን አኩርፌ ሰነበትኩ፤ ማንን እንዳኮረፍኩ ግን አላውቅም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚወጣለት ሳይክል የእኔ አልነበረም፤ የአባቴ ነው። አባቴ ሁሩሙ ዳርቻ ላይ የሚኖር ንብ አርቢ ነበር። እንደ ዛሬዎቹ በሣጥን አይደለም። ቀፎውን ራሱ ከእንጨት ልጣጭና ከሐረግ ይጠቀልላል፣ ላዩን በእበት ይለስናል፣ ውስጡን በመልካም እንጨትና ቅጠል ያጥናል፤ ከዚያ ጫካ ድረስ ወስዶ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ጢሱ የጣመው የንብ መንጋ መጥቶ ይገባበታል፣ ሚያዝያ ላይ ማሩ ይቆረጣል። ከቤቱ እስከ ጫካው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ቀፎ ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ ግዝፈቱ ነው የሚያስቸግረው። እኔ ሥራ እንደያዝኩ ወደ ሌላ ወረዳ ከሚዛወር መምህር ያገለገለ ሳይክል ገዛሁለት። ዳገቱን እየገፋው ይወጣል፤ ሜዳ ሲያገኝ ይቀመጥበትና ሁለት እግሩን ከፍቶ ይንደረደራል። ሁለት ቀፎ ከኋላው ታስሮ ከሩቅ ሲታይ ጎጆውን ይዞ የሚሸሽ ሰው ይመስል ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ የቀረው ንቡ ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ "ንብህ እንዴት ነው?" ብሎ ይጀምራል፤ "ልጅህስ?" የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከታችኛው ቅርንጫፍ ተንሸራተተና ወደቀ። ከፍታው ያን ያህል አልነበረም፤ ቢሆንም ቀኝ ትከሻው ወልቆ ሦስት ወር በግራ እጁ ጎረሰ። ከባለቤቴ ጋር ሄደን ቁርጡን ነገርነው፦ ከእኛ ጋር መቱ ይኖራል፣ ጓሯችን ውስጥ አንድ ክፍል አለ፣ ዛፍ መውጣት በቃ።

አባቴ የታመመ ትከሻውን በግራ እጁ እየዳበሰ አዳመጠን። ከዚያ "አንድ ዓመት ስጡኝ" አለን። "ንቡ ከገባልኝ እቀጥላለሁ። ካልገባልኝ ንቡ ራሱ በቃህ ብሎኛል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ያለ ጭቅጭቅ እመጣለሁ።"

"ቃልዎ ነው፣ አባባ?" አልኩት።

"ቃሌ ነው፣ ኢልማ ኮ።" ልጄ ማለቱ ነው። ከእኔ ጋር ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የሚሻገረው ነገሩ ከልቡ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ዐሥር ቀፎ ይሰቀላል። ንብ ከገባባቸው አባቴ እንደ ወትሮው አባቴ ሆኖ ይቀጥላል፤ ባዶ ከቀሩ እኔ ጓሮ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለየትኛው እንደምጸልይ አላውቅም ነበር። ትከሻውን ሳስብ ባዶ ይቅሩ እላለሁ፤ ፊቱን ሳይ ባልኩት አፍራለሁ። ዛፍ መውጣት አልችልበትም፤ ንብ አጠገቤ ካለፈች ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀመጠው። የምችለው ነገር ሳይክሉ ብቻ ነው። ንቡን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቢያንስ ሳይክሉ እንዳያስቸግረው አደርጋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

መቱ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። አባታቸው በዚያው ሱቅ ቡና ይነግዱ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የማያንስ ሰው ናቸው። ግራሶውን ከበርሜል እየዛቁ በላስቲክ ጠቅልለው ይሰጣሉ። እዚያ ሱቅ ስገባ ገና ከደጅ "መጣህ እንግዲህ፣ ጭቅጭቁን ልንጀምር ነው" ይሉኛል።

"ጋሼ፣ ዝናብ የማያጥበው ግራሶ አለዎት?" አልኳቸው የዚያን ቀን።

"አለ። ይኼ ሰማያዊው አዲስ የመጣ ነው። ለትልልቅ መኪና ጎማ ነው የሚሆነው፤ ወንዝ ቢሻገሩበት አይለቅም።"

ጣቴን ነከር አድርጌ በአውራ ጣቴ አሸት አደረግኩት። "ቀጭን ነው" አልኩ።

"ቀጭን አይደለም፤ አንተ ነህ ወፍራም የለመድከው።"

አሸተትኩት። "ሽታም የለው።"

"ሽታው ምን ያደርግልሃል? ልትበላው ነው?" ሳቁብኝ። "ወላሂ ይኼ ይበቃሃል። እሱም በትንሹ ነው። ቀባ ታደርግና ትርፉን በጨርቅ ትጠርገዋለህ። ግራሶ ሲበዛ ቆሻሻ ነው።"

ሽታ የሌለው ግራሶ ጉልበት የለውም ብዬ አምን ነበር። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ ብቻ ማንም አያስለቅቀኝም። "አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ላስብበት" ብዬ ወጣሁ። እሳቸው ከኋላዬ "አስብበት፣ አስብበት፤ እስክታስብ ዝናቡ ይቆማል" እያሉ በርሜሉን ከደኑ።

ያሰብኩት የራሴን ነው። አባቴ ማር ከጨመቀ በኋላ የተረፈውን ሰም አቅልጦ በቆርቆሮ ያስቀምጣል። ሰም ውኃ አያስገባም፤ የተቃጠለ ዘይት በየስንጥቁ ይሰርጋል፤ የወፍጮው ጥቁር ግራሶ ደግሞ ይይዛል። ሦስቱ ቢገናኙስ? ከጋራዥ አንድ ጠርሙስ የናፍጣ መኪና ዘይት አመጣሁ፣ ከወፍጮ ቤት ጥቁሩን ግራሶ ለመንኩ፣ ደጃፌ ላይ ከሰል አቀጣጥዬ በአሮጌ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ማማሰል ጀመርኩ። ጎረቤት ምን ተቃጠለ እያለ ወጣ። ባለቤቴ የተሰጣ ልብሷን እየሰበሰበች "ሁሉም ነገር ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ምን ለብሼ ልሄድ ነው?" አለችኝ። አልሰማኋትም። ሲቀዘቅዝ አንድ ብረት ላይ ቀብቼ ውኃ አፈሰስኩበት። ውኃው ጎደሬ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ተንከባሎ ወረደ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሁሩሙ ወረድኩ። ሳይክሉን ገልብጬ በወንበሩና በመሪው አቆምኩትና ኳሶቹን አውጥቼ በናፍጣ አጠብኳቸው፤ አዲሱን ግራሶ ጠቀጠቅኩ። ካቴናውን ቀባሁ። ይኼኔ ማቆም ነበረብኝ። ቆርቆሮው ግን ገና ግማሽ ነበር። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ብረት ዝገት ጀምሮት አየሁና እሱንም ቀባሁት። ከዚያ ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ። አባቴ ቀፎ የሚያስርበት የቃጫ ገመድ ነው፤ በየዓመቱ በዝናብ እየበሰበሰ ይበጠሳል። ለምን ይበሰብሳል? እሱንም ቆርቆሮው ውስጥ ነክሬ እስኪጠግብ አሸሁት።

አባቴ ግንድ ላይ ተቀምጦ ይመለከተኛል። "ገመዱም ግራሶ ይፈልጋል እንዴ?" አለ።

"ዝናብ አይበላውም አባባ፣ ያዩታል።"

"ገለቶሚ" ብሎ አመሰገነኝ። ከዚያ ሳይክሉን ይዞ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረበት። ድምፅ አልነበረውም። "ሐር ሆነልህ" አለኝ።

በማግሥቱ ቀፎዎቹን አጠነ። የእንጨቱንና የቅጠሉን ስም ለእኔም አይነግረኝም፤ ግቢው ግን በዚያ ጢስ ይታወዳል፤ ከእሱ ሌላ ሽታ ቢኖር እንኳ ማንም አይለየውም። ሁለት ሁለቱን ከሳይክሉ ኋላ ጫነ፣ በዚያ ገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረ፣ ሄደ። የጥቅምት ፀሐይ ነበረች። አምስት ቀን ተመላልሶ ዐሥሩንም ሰቀለ። ትከሻው ሲያመው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያሳርፍ እንደነበር አብሮት የወጣ ጎረቤት ነገረኝ። ሳይክሉ ግን አንድም ቀን አላስቸገረውም።

ኅዳር መጣ፤ ንብ የለም። ታኅሣሥ መጣ፤ የለም። የጎረቤቶቹ ቀፎ ውስጥ በዚያው ጫካ፣ አንዳንዱም በዚያው ዛፍ ላይ፣ ንቡ እየጎረፈ ይገባል። የእሱ ዐሥሩም እንደተሰቀሉ ናቸው። በየሳምንቱ ስሄድ ገና ከደጃፍ ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። መጀመሪያ "ይዘገያሉ" ይል ነበር። ከዚያ ነፋሱን፣ ከዚያ ጉንዳኑን ምክንያት አደረገ። ጥር ላይ ሰበብ መፈለጉን ተወ። የሚፈልገው ሌላ ነገር እንደሆነ ቆይቼ ነው ያወቅኩት።

በእኛ በኩል የቆዩ ንብ አርቢዎች አንድ እምነት አላቸው። ቂም የያዘ፣ ሰው በድሎ ያልታረቀ ሰው የሰቀለው ቀፎ ንብ አያስገባም ይላሉ። ንብ ንጹሕ ፍጡር ናት፣ የሰውን ሆድ ታውቃለች። አንድ ቀፎ ባዶ ቢቀር የዕድል ነው፤ ሁለትም ቢሆን። ዐሥሩም ባዶ ሲቀር ግን ባለቤቱ ራሱን ይመረምራል። አባቴም መመርመር ጀመረ።

ከጎረቤቱ ተነሣ። ከዓመታት በፊት በአንድ የቀፎ ዛፍ ተጣልተው ነበር፤ የእኔ አባት የተከለው ነው፣ የእኔ ነው በሚል። እኔ ባለሁበት ቀን ነው የሄደው፤ አብሬው ሄድኩ። እንደ አገራችን የዕርቅ ወግ እርጥብ ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ የሰውየው ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰውየው ነገሩን ረስቶታል። "ኧረ ተው፣ በየትኛው ዛፍ ነው የተጣላነው?" እያለ ሊያስገባው ይጎትተዋል፤ አባቴ ግን ይቅር ብየሃለሁ እስኪለው ድረስ አልገባ አለ። ከዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ዘንድ ሄደ፤ ለቅሶ ሳልደርስሽ ቀርቼ ነበር ብሎ። ከዚያ ኡካ ድረስ ወረደ። እዚያ ታናሽ ወንድሙ አለ፤ በእናታቸው ቤት ክፍፍል ተኳርፈው ስንት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ወንድሙ በር ከፍቶ ሲያየው የሞተ ሰው የመጣበት መስሎት ጮኸ አሉ። ተቃቅፈው አለቀሱ።

እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። ሽማግሌው ከሰው እየታረቀ ነው፣ ምን ክፋት አለው እላለሁ። በእሱ በኩል ግን ከእያንዳንዱ ዕርቅ በኋላ ያንን ሁሉ መንገድ ሄዶ ዛፉን ቀና ብሎ ያያል። ባዶ ነው። ይመለስና ደግሞ ሌላ የበደለውን ሰው ያስባል።

የካቲት አጋማሽ ላይ እናውርዳቸው አለኝ። እስከዚያ ያልገባ ንብ ከዚያ በኋላ አይገባም። እሱ ይወጣል፣ በገመድ ያወርዳል፤ እኔ ከታች እቀበላለሁ። ያን ቀን ዛፉ ሥር ቆሜ እግሩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲሻገር እንዴት እንደምንቀጠቀጥ ያየኝ ሰው ባለመኖሩ እግዚአብሔር ይመስገን። የመጀመሪያው ቀፎ ወረደ። አቅፌ ተቀበልኩት። ዙሪያውን፣ ወገቡ ላይ፣ ገመድ የታሰረበት ቦታ ጥቁር ቀለበት ሠርቶበታል። ምን እንደሆነ ለማየት ፊቴን አስጠጋሁ።

የአባቴ ጢስ ጠፍቶ አልቋል። የቀረው የእኔ ግራሶ ነው። የተቃጠለ ናፍጣ ዘይት፣ ጥርት ያለ፣ ደጃፌ ላይ ያማሰልኩት ቀን እንደነበረው። በፀሐይ ቀልጦ በእበቱና በልጣጩ ሰርጎ ውስጥ ድረስ ገብቷል። አፉን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ያው ነው። ሁለተኛው ወረደ፤ ያው ጥቁር ቀለበት፣ ያው ሽታ። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ንብ እንኳን ይህን፣ የሰው ሽቶ እንኳ አትወድም። ሰማያዊው ግራሶ ትዝ አለኝ፤ ሽታ የለው ብዬ የተውኩት።

"ምን አለበት?" ብሎ አባቴ ከላይ ጮኸ። "አይጥ ገብቶበት ነው?"

ቀና አልኩ። ያ የታመመ ትከሻ ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቆ ይታየኛል።

"ምንም የለበትም" አልኩት።

መቱ ተመልሼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። ይስቅብኛል ብዬ የፈራሁት ፊቷ ምንም አልሳቀም።

"ብትነግራቸው ምን ያደርጋሉ?" አለችኝ።

"ሌላ ዐሥር ቀፎ ይሠራል።"

"ይወጣሉ ማለት ነው?"

"ይወጣል።"

"ታዲያ ዝም በል። ሆን ብለህ አላደረግከው። እሳቸው በቃል ታስረው ሊመጡ ነው፤ አንተ በአፍህ መልሰህ ዛፍ ላይ ልታወጣቸው ነው?" ቢላዋውን አነሣች። እውነቷን ነው። እውነቷን በመሆኑም ተናደድኩባት። የጓሮውን ክፍል ኖራ ቀባሁ፣ አልጋ አስገባሁ፣ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላመጣው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ግቢው ውስጥ ግንዱ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከስቷል። ዕቃውን ገና አልሸከፈም። ዐሥሩ ቀፎ አጥሩ ሥር ተደርድረዋል።

"ና ተቀመጥ" አለኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። የማስታውሰውን ሰው ሁሉ ጨርሻለሁ። በሕይወት ያለው አልቋል። አንተ ትንሽ ልጅ ሆነህ ያየኸው ይኖር እንደሆነ ነው። እናትህን የበደልኳት ነገር ነበር?"

"አባባ..."

"አትፍራ፣ ንገረኝ። እሷ ሆዷ ውስጥ ይዛው ሄዳ እንደሆነ እንጃ። እሷን እንግዲህ ምን አድርጌ ልጠይቃት?"

ከዚህ በላይ መቻል አልሆነልኝም። ትከሻውም፣ የባለቤቴ ምክርም፣ ኖራ የተቀባው ክፍልም ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። "እናቴን አልበደሏትም" አልኩት። "ማንንም አልበደሉም። እኔ ነኝ። ግራሶው ነው።" ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኩት፤ ቆርቆሮውን፣ ናፍጣውን፣ ገመዱን፣ ፀሐዩን፣ ጥቁሩን ቀለበት። ዛፉ ሥር ማወቄን፣ አውቄም ዝም ማለቴን ጭምር። ስንተባተብ፣ ስመላለስ ሳያቋርጠኝ አዳመጠ።

ተነሣሁና ከአጥሩ ሥር አንዱን ቀፎ አምጥቼ አፉን ወደ እሱ አዞርኩ። "እስኪ ያሽትቱት።"

ጎንበስ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። "ጢስ ነው የሚሸተው" አለ።

"ጢስ አይደለም አባባ! እዚህ ጋ፣ ገመዱ የነበረበት ጋ።"

ደግሞ አሸተተ። ራሱን ነቀነቀ። ሮጬ ቤት ገባሁና የተረፈውን ግራሶ ከነቆርቆሮው አመጣሁ፤ ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። እኔ ቆሜ እንኳ ዓይኔን አቃጠለኝ። አባቴ ግን ቆርቆሮውን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

"ሰም ሰም ይላል" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሰም አለው አላልከኝም ነበር?"

ያን ጊዜ ገባኝ። አይሸተውም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ማርን ሳይቀምስ ከየትኛው አበባ እንደመጣ አሽትቶ ይናገር የነበረ ሰው ነው። አሁንም የሚሸተው ይመስለዋል፤ የሚሸተው የሚያስታውሰው ነው። ይህንን ነው እንግዲህ ልነግረው የቀረኝ። ማስረጃዬ ይኸው ብቻ ነው፤ ካልነገርኩት አያምነኝም፣ ከነገርኩት ንቡን ብቻ ሳይሆን አፍንጫውንም ወሰድኩበት ማለት ነው። "አባባ፣ አፍንጫዎ" ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ቆርቆሮውን ከደንኩት።

አባቴ ክንዴን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ከብዙ ጊዜ በፊት ትኩሳት ይዞኝ ሲያስታምመኝ የነበረው ዓይነት ፊት ነው። "ልታጽናናኝ ነው" አለኝ። "አውቄብሃለሁ። በእኔ የመጣውን በራስህ ላይ ልታደርገው ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ፈጥረህ፣ ቆርቆሮ ተሸክመህ።"

"እውነቴን ነው የምለው! ማልልኝ ካሉ እምላለሁ!"

"ዺሲ፣ ተው፣ አትማል። በእኔ የተነሣ አትማል።" እጄን አልለቀቀውም፤ ግራሶው እሱንም ነካው። "ዋሽተህ የማታውቅ ልጅ ነበርክ። እዚህ ያደረስኩህ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቀው የቀረኝ የበደልኩት ሰው ይኼው አንተ ነበርክ።" ከዚያ አንገቱን ለእኔ ደፋ፤ አባት ለልጁ። "ዺፈማ ና ጎዺ" አለኝ። ይቅር በለኝ ማለቱ ነው።

ቀና እንዲል ብለምነው ቀና አላለም። ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ እንዳደረገው፣ ቃሉን ከአፌ ካልሰማ በስተቀር እንደማይነሣ አውቃለሁ። እውነቱን ነግሬዋለሁ፤ ከእውነት ሌላ የምሰጠው ምን ቀርቶኝ ነበር?

"ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አባባ" አልኩት።

እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ ከእኔ ጋር ወደ መቱ ለመሄድ ልብሱን ሊሰበስብ ተነሣ።